ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ የባለቅኔው ሕይወት፣ የኩላሊት ሕመም እና የልብ ጠቋሚዎች

መግቢያ

ስለ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዙ ተጽፏል። ቅኔያቸው፣ ትርጉሞቻቸውና የመድረክ ሥራዎቻቸው በሥነ ጽሑፍና በቴአትር ተመራማሪዎች ተደጋግመው ተፈትሸዋል። የሕይወታቸው የመጨረሻዎቹ ስምንት ዓመታት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ፤ ለኩላሊት ሕክምና ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ዐረፉ ይባላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የባለቅኔውን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ከተረከ በኋላ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም ይላል።

የጽሑፉ አቅራቢ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሲሆን ነዋሪነቱ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የሚያጠናው ጉዳይ ኩላሊታቸው ሥራውን ባቆመ ሰዎች ደም ውስጥ የሚለኩና የልብን ጉዳት የሚያመለክቱ ንጥረ ነገሮችን ነው። አንድ የላቦራቶሪ ተማሪ ስለ ባለቅኔ ለመጻፍ የተነሣው የኩላሊት መድከም ያስከተለውን ስደት በአገራችን ከጸጋዬ ታሪክ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ የታወቀ ሕይወት ባለማግኘቱ ነው።

ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። ጽሑፉ የባለቅኔውን የግል የሕክምና መዝገብ አይመለከትም፤ ስለ ልባቸውም ፍርድ አይሰጥም። ስለ ልብ ጠቋሚዎች የሚነገረው ሁሉ በዳያሊሲስ የሚኖሩ ሕሙማንን በጥቅል የሚመለከት ነው። ዓመታቱም ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ በምትገኘው ቦዳ ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ ገና ሦስት ወር ማለፉ ነበር። አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ከተገደሉም ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኗል። ሕፃኑ አድጎ ስለ እኒሁ አቡን ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የታወቀውን ተውኔት እንደሚጽፍ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። አባታቸው ከኦሮሞ፣ እናታቸው ደግሞ ከአማራ ወገን ስለነበሩ ልጁ ሁለቱንም ቋንቋዎች እየሰማ አደገ። ቤተ ክህነት ገብተው ደግሞ ግእዝን ተማሩ። በኋላ በግጥሞቻቸው ውስጥ የሚታየው የቃላት ክምችት፣ የግእዙ ጥልቀትና የኦሮሞው ምድር ትዝታ ከዚህ ጊዜ የተቀዳ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአምቦ ሲከታተሉ ገና በልጅነታቸው ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታየ። ከገጠር ከተማ የወጣ ተማሪ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስለ ሌላ ንጉሥ ፍርድ የሚናገር ተውኔት ማሳየቱ የጸሐፊውን የኋላ ዝንባሌ አስቀድሞ የጠቆመ ይመስላል። ሥልጣንና ፍትሕ በሥራዎቻቸው ሁሉ እየተመላለሱ የሚመጡ ጉዳዮች ሆነዋልና።

ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1959 በቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ይሁን እንጂ የሕግ ሰው ሆነው አልቀሩም። በ1960 በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ተሻግረው በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር፣ በፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክን ጥበብ አጠኑ።

ጸጋዬ ስለ ቴአትር ለማጥናት በተጓዙበት በዚያው በ1960 የኋላ ዕድላቸውን የሚነካ ሌላ ነገር በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተፈጽሟል። ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር በሕመምተኛ ክንድ ላይ ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኝ የቴፍሎን ቱቦ በቋሚነት አኖሩ። ከዚያ ቀደም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሆላንዳዊው ቪለም ኮልፍ የሠሩት ሰው ሠራሽ ኩላሊት ደምን ማጠብ ይችል ነበር። ነገር ግን በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መክፈት ስለሚያስፈልግ ሕክምናው ለጥቂት ቀናት ካልሆነ አይዘልቅም ነበር። ከስክሪብነር ቱቦ በኋላ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ለዓመታት በሕይወት መቆየት ቻለ። በዚህ መንገድ ከታከሙት የመጀመሪያው የሆነው ክላይድ ሺልድስ የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ 11 ዓመት ኖሮ በ1971 ዐርፏል። የሞቱ ምክንያት የልብ ሕመም ነበር።

የመድረክ ዘመን

ጸጋዬ ከአውሮፓ ሲመለሱ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በዳይሬክተርነት ሠሩ። ከ1961 እስከ 1971 የዘለቀው ይህ አሠርት የአማርኛ ቴአትር መልኩን የለወጠበት ጊዜ ነው። የከርሞ ሰውን በመሳሰሉ ተውኔቶች ከተማ ገብቶ የቸገረውን፣ መካከለኛ ኑሮ የሚኖረውንና ነገን የሚጠብቀውን ሰው መድረክ ላይ አወጡ። የሼክስፒርን ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ ወደ አማርኛ መለሱ። ሞልዬርንም አስተዋወቁ። የትርጉም ሥራቸው ባዕዱን ታሪክ በአማርኛ የቅኔ ምት እንደገና የመፍጠር ያህል ነበር። ተመልካቹም የዴንማርኩን ልዑል ኀዘን እንደ ራሱ አገር ኀዘን ተቀብሎታል። በእንግሊዝኛም ጽፈዋል፤ በ1965 የታተመው የኦዳ ዛፍ ትንቢት የተሰኘው ተውኔታቸው ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ አንባቢዎችን አግኝቷል።

በ1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ሲቀበሉ ገና 29 ዓመታቸው ነበር። እሳት ወይ አበባ የተሰኘው የግጥም መድበላቸው በ1966 ዓ.ም. ወጣ፤ ዓመቱም አብዮቱ የፈነዳበት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሀሁ በስድስት ወር በመድረክ ቀረበ። ሕዝቡ በየመንገዱ የሚጠይቀውን ጥያቄ በቴአትር አዳራሽ ውስጥ የሰማው በዚህ ተውኔት ነው።

በደርግ ዘመን በባህል ጉዳዮች ኃላፊነት ሠርተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ቴዎድሮስ፣ ምኒልክ፣ ዘርዓይ ደረስ እና ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት የተሰኙት ታሪካዊ ተውኔቶቻቸው በተለያየ ጊዜ ታይተዋል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የሚደጋገም አንድ ቅርጽ አለ። ዋናው ሰው ብቻውን ይቀራል፤ ጊዜው አጭር መሆኑን ያውቃል፤ በዚያች በቀረችው ሰዓት ውስጥም ለአገሩ ምን እንደሚል ይመርጣል። ከአገር ውጭም የጥንታዊት ግብፅንና የአፍሪካን ሥልጣኔ ግንኙነት እየመረመሩ ንግግር ያደርጉ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ቃላት የተወሰዱት ከእሳቸው ግጥም ነው።

ሕመምና ጉዞ

በ1998 ጸጋዬ አዲስ አበባን ለቀው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። ምክንያቱ የኩላሊት ሕመም ነበር። ኩላሊታቸው ከእንግዲህ ደማቸውን ሊያጣራ ስለማይችል ዳያሊሲስ፣ በተለምዶ አጠራሩ የኩላሊት እጥበት፣ አስፈለጋቸው። በዚያን ጊዜ ይህን ሕክምና ለዓመታት ሳይቋረጥ የሚሰጥ ተቋም በኢትዮጵያ አልነበረም። የዕድሜ ልክ ዳያሊሲስ በአዲስ አበባ በግል ሆስፒታል ደረጃ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መባቻ ላይ ነው። ስለዚህ የ61 ዓመቱ ባለቅኔ ምርጫ በሕይወትና በአገር መካከል የሚደረግ ሆነ።

ይህን ምርጫ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በተለመደው መርሐ ግብር ዳያሊሲስ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ይሰጣል። በዓመት ሲሰላ 156 ጊዜ ይሆናል። ሕመምተኛው ከማሽኑ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ መራቅ አይችልም። ጸጋዬ ከማንሃተን ወጥተው 11 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚርቀውን አገራቸውን ለመጎብኘት ቢያስቡ፣ ከትኬቱ አስቀድሞ አዲስ አበባ ላይ ማሽን መኖሩን ማረጋገጥ ነበረባቸው። ቋንቋው የሥራው ሁሉ መሣሪያ የሆነ ሰው ቋንቋው ከሚነገርበት ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ቴአትር ቤት እንዲህ ባለ ገመድ ተለይቶ መኖር ግድ ሆነበት። ያም ሆኖ መጻፋቸውንና መናገራቸውን አላቋረጡም። በስደት ያለው ኢትዮጵያዊም ሊሰማቸው ይሰበሰብ ነበር።

ኩላሊት ሲደክም ልብ ለምን ይታመማል?

ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሚሞተው በኩላሊቱ ምክንያት ይመስለናል። ማስረጃው ግን ወደ ልብ ያመለክታል። በ1827 የለንደን ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሰውነታቸው አብጦና ሽንታቸው ፕሮቲን ይዞ የሞቱ ሕሙማንን አስከሬን መርምረው የተበላሹ ኩላሊቶችን መዘገቡ። በ1836 ባወጡት ሰፋ ያለ ሥራ ደግሞ በእነዚሁ ሕሙማን ዘንድ ልብ ገዝፎና ግድግዳው ወፍሮ እንደሚገኝ ጻፉ። የብራይት ባልደረባ የነበሩት ጆን ቦስቶክ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ዩሪያ መጠራቀሙን በኬሚካዊ ምርመራ ለማሳየት ሠርተዋል። ስለዚህ የኩላሊትና የልብ ትስስር፣ እንዲሁም ያን ትስስር በደም ለማንበብ የተደረገው ሙከራ፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዕድሜ አለው።

ትስስሩ በብዙ መንገድ ይሠራል። ኩላሊት ውሃና ጨው ማስወጣት ሲሳነው የደም መጠንና ግፊት ይጨምራል፤ የግራው የታችኛው የልብ ክፍልም በየምቱ ከባድ ሸክም ስለሚገፋ ጡንቻው ይወፍራል። ኩላሊት ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን በበቂ ስለማያመነጭ ደም ማነስ ይከተላል፤ ልብም ጉድለቱን ለማካካስ ይፈጥናል። ፎስፌት በደም ውስጥ ሲከማች የካልሲየም ሚዛን ይዛባል፤ የደም ቅዳ ግድግዳም እየጠነከረ ይሄዳል። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ የልብ ምት ሥርዓት ይፈርሳል፤ ድንገተኛ ሞትም ሊያስከትል ይችላል።

ጸጋዬ ከአገር በወጡበት በ1998 ሮበርት ፎሊና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት በዳያሊሲስ በሚኖሩ ሰዎች ላይ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰው ሞት ከጠቅላላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳዩ። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 34 የሆኑ ወጣት የዳያሊሲስ ሕሙማን በዚህ ረገድ ያለባቸው አደጋ በጤነኛው ሕዝብ ዘንድ ካሉ የ85 ዓመት አረጋውያን ጋር ይስተካከላል። በ2004 ደግሞ በሰሜን ካሊፎርኒያ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን የተከታተለ ጥናት ታተመ። አደጋው የሚጀምረው ዳያሊሲስ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ መሆኑንና የማጣራት አቅም ባነሰ ቁጥር እየከፋ እንደሚሄድ አረጋገጠ።

ትሮፖኒንና ቢ.ኤን.ፒ. የሚናገሩት

ባለቅኔው በማንሃተን ሕክምና ላይ የነበሩባቸው ዓመታት የልብ ጠቋሚዎች በድንገተኛ ክፍሎች የተለመዱበት ዘመንም ነው። ከጠቋሚዎቹ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚረዳ ፕሮቲን ሲሆን ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ቢ.ኤን.ፒ. እና ተጣማሪው ኤን.ቲ. ፕሮ ቢ.ኤን.ፒ. ደግሞ የልብ ግድግዳ በፈሳሽ ጫና ሲለጠጥ የሚለቀቁ ናቸው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው የደረት ሕመም ኖሮ ትሮፖኒን ሲጨምር ሐኪሙ የልብ ደም ሥር መዘጋትን ይጠረጥራል። ቢ.ኤን.ፒ. ሲጨምር ደግሞ የልብ ድካምን ያስባል።

ኩላሊቱ በደከመ ሰው ግን ንባቡ ይወሳሰባል። በ2002 ፍሬድ አፕልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ 733 የመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት ሕሙማንን ለክተው፣ ለጤነኛ ሕዝብ ከተቀመጠው የ99ኛ መቶኛ ወሰን ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ትሮፖኒን ቲ በ82 በመቶው ላይ ከወሰኑ በላይ ሆኖ አገኙት። ትሮፖኒን አይ ከወሰኑ ያለፈው ግን በ6 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው በዚያች ዕለት የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ አልነበረም። ይሁንና ቁጥሩ የውሸት ማስጠንቀቂያ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ትሮፖኒን ቲ ከፍ ያለባቸው ሕሙማን በተከታዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የወፈረውና ደም በበቂ የማይደርሰው የልብ ጡንቻ ያለማቋረጥ በጥቂቱ ይጎዳል፤ የደከመው ኩላሊትም የፕሮቲኑን ስብርባሪ ከደም ለማስወጣት ይቸገራል። ኤን.ቲ. ፕሮ ቢ.ኤን.ፒ.ም ከደም የሚወገደው በአመዛኙ በኩላሊት በመሆኑና የሕሙማኑ ሰውነት ፈሳሽ ስለሚበዛበት ልኬቱ በእጅጉ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት አንድ ነው፤ በዳያሊሲስ ለሚኖር ሰው አንድ ነጠላ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው የቁጥሩ ለውጥ ነው። በ2018 የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ የልብ ጡንቻ ጉዳት ፍቺም መነሻው ከፍ ብሎ የረጋ ትሮፖኒን ከ20 በመቶ በላይ ሲለወጥ አዲስ ጉዳት መድረሱን ያመለክታል ይላል። ለውጥን ለማወቅ ደግሞ የቀደመ ልኬት መኖር አለበት። ሕመምተኛው ጤናው በረጋበት ጊዜ፣ ከዳያሊሲሱ አስቀድሞ በተወሰደ ናሙና፣ በአንድ ዓይነት የመለኪያ ዘዴ የተገኘ መነሻ ቁጥር ከሌለ፣ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ቁጥር የሚነጻጸርበት ያጣል።

አቅራቢው ይህን የተረዳው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጤና ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ከቃሊቲ ፋብሪካዎች በአንዱ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። የትሮፖኒን ልኬታቸው ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲገኝ ውጤቱን ጽፎ ላከ። በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ የዳያሊሲስ ታካሚ መሆናቸው አልተጻፈም፤ አቅራቢውም አልጠየቀም። ልጆቻቸው ያንኑ ሌሊት የልብ ሐኪም ፍለጋ ወደ መሀል ከተማ ይዘዋቸው ሄዱ። በማግስቱ ልኬቱ ሲደገም ቁጥሩ አልተለወጠም። አባትየው በሳምንት ሁለት ቀን የሚያገኙትን እጥበት ገንዘብ ስለቸገራቸው አንዱን አልፈውት ነበር፤ ትንፋሻቸውን ያሳጠረው የተጠራቀመው ፈሳሽ ነው። የጎደላቸውን እጥበት ያገኙት ግማሽ ቀን ዘግይተው ነው። በ2011 ከ32 ሺህ በላይ የአሜሪካ ሕሙማንን የመረመረ ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ቀን በሚታጠቡት ዘንድ እንኳ ሞት የሚበዛው ከሁለት ቀን እረፍት ማግስት መሆኑን አሳይቷል። እጥበት ሲያልፍ እረፍቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ማሰብ አያዳግትም።

ዕረፍትና ከዚያ ወዲህ

ጸጋዬ ገብረ መድኅን የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በማንሃተን በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ተመልሶ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ለስምንት ዓመታት ያህል ሊጓዙት ያልቻሉትን መንገድ በሳጥን ተጓዙት። ዳያሊሲስ የሰጣቸውን ዓመታት ማሳነስ አይገባም፤ ያለ ሕክምናው ከጥቂት ሳምንታት በላይ መቆየት ባልተቻለ ነበር። ዋጋው ግን አገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ዳያሊሲስ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በመንግሥትና በግል ተቋማት ይሰጣል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አከናወነ። በዚያው ወር ከቃሊቲ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚዘልቀው የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። የዛሬ ባለቅኔ ኩላሊቱ ቢደክም ውቅያኖስ መሻገር ግድ አይሆንበትም። ሆኖም በቃሊቲ ለሚኖር የቀን ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ርቀቱ አሁንም አለ፤ የሚለካው በትራንስፖርትና በእጥበት ክፍያ፣ በታለፉ ቀናትም ነው።

ላቦራቶሪው በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ቢመስልም ወጪው ቀላል ነው። አንደኛ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን በየዓመቱ ክሬቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ቢመረመሩ የኩላሊት ድካሙ ዳያሊሲስ ሳያስፈልግ ሊደረስበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ዳያሊሲስ የጀመረ ሰው ሁሉ ጤናው በረጋበት ጊዜ የተለካ የትሮፖኒን መነሻ ቁጥር በካርዱ ላይ ቢጻፍለት፣ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ውጤቱን የሚያነብ ሐኪም የሚነጻጸርበት ያገኛል። ሦስተኛ፣ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቶች ሕመምተኛው ዳያሊሲስ ላይ መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ቢኖራቸው፣ የመጨረሻ እጥበት ያገኘበትንም ቀን ቢጠይቁ፣ ባለሙያው ሳይጠይቅ አያልፍም።

የጸጋዬ ሕይወት በመድረክ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ የታወቀ ነው። በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥም ቦታ ይገባዋል። አንድ ማሽን ባለመኖሩ አገር የታላቅ ባለቅኔዋን የመጨረሻ ዓመታት በሩቅ እንድትሰማ ተገዳለች። ማሽኑ ዛሬ አለ፤ ከእሱ ጋር የሚሄደው የደም ምርመራና የንባቡ ዕውቀት ግን ገና በየቦታው አልተዳረሰም። አቅራቢው የሚያዘጋጀው የመመረቂያ ጥናትም የሚነሣው ከዚህ ነው።